የገነነ ጠጠሮች

ማክሰኞ ጠዋት የክሊኒኩን በር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሰኞ አመሻሽ ላይ የቆለፍኩትም እኔ ነኝ። ቁልፉ የሚያድረው አንገቴ ላይ ነው። ስለዚህ የጋሽ ገነነ ካርድ ከሳጥኑ ጠፋ ሲባል ሁሉም ዞሮ ያየው እኔን ነው። "ቢልቂስ ብትሰርቅስ ይሄን ያህል ሞኝ ሆና ትሰርቃለች?" ብሎ የጠየቀልኝ አንድ ሰው የለም።

ለአንድ ቁራጭ ካርቶን ፖሊስ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። መጣ። ያውም ሴት፣ ያውም ኢንስፔክተር። የበሩን ሦስት ደረጃ ስትወጣ በየደረጃው ቆማ ቀኝ ጉልበቷን አሻሸች።

"ባለቁልፏ አንቺ ነሽ?" አለችኝ በአማርኛ።

ክው አልኩ። ሐርጌሳ ላይ አማርኛ የሚናገር ፖሊስ ሲያጋጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

"እርስዎ አማርኛ..."

"አንቺ በይኝ። እርስዎ ሲሉኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ጦርነቱ ሲመጣ ወደ እናንተ አገር ነው የሸሸነው። ጅግጅጋ ላይ ስድስት ዓመት ሽንኩርት ሸጫለሁ። ሽንኩርት ሻጭ የማይሰማው ስድብ የለም፣ አማርኛዬ ከዚያ ነው። አርዶ እባላለሁ። አሁን እኔ ልጠይቅ ወይስ አንቺ ትቀጥያለሽ?"

"ጠይቂ" አልኳት።

"ካርዱ ምን ነበረበት?"

ነገርኳት። ጋሽ ገነነ ፌሮ አሳሪ ነው። እዚሁ ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ከሚሠራው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የቆመበት እንጨት ተሰብሮ ከወደቀ ሰባት ወሩ ነው። የወገቡ አጥንት ገጥሟል፣ ህመሙ ግን አልለቀቀውም። ኮንትራክተሩ "ያስመስላል" ይላል። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ጉዳት በሽማግሌ ይታያል፣ ካሳውም በግመል ይቆጠራል። ፍየል እንኳ ኖሮት ለማያውቅ ሰው በግመል! ጋሽ ገነነ እዚህ ወገን ስለሌለው "እንግዳዬ ነው" ብሎ ጉዳዩን የያዘለት የቤት አከራዩ ሀጂ ዱዓሌ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት ሐሙስ ነው። ሁለቱ ወገኖች የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የክሊኒኩ ካርድ ይምጣና ይታይ።

"ካርዱ ባይመጣስ?"

"ጋሽ ገነነ ውሸታም ተባለ ማለት ነው። ካሳ የለም። ካሳ ከሌለ ሕክምናውም ይቀራል፣ ጭነት መኪና ላይ ተጋድሞ ወደ አገሩ መመለስ ነው።"

"እኔ የመጣሁትም ለዚህ ነው" አለች አርዶ። "በሁለት ወገን መሃል ማስረጃ ሲጠፋ ዛሬ ካርድ ነው፣ ነገ ጠመንጃ ነው። ከተማዋን ገና ጣራ እያለበስናት ነው።"

ሐቢብ ከውስጥ ወጣ። የክሊኒካችን ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ የደሴ ልጅ። ሕዝቡ ዶክተር ይለዋል፣ እሱ "ዶክተር አይደለሁም" ይላል፣ ማንም አይሰማውም። ጠጠሮቹን አሳያት። ሐቢብ ህመም የሚለካው በጠጠር ነው። አሥር ጠጠርና አንድ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይሰጥሃል። ምንም ካላመመህ ምንም አትጨምር፤ ከዚህ የባሰ የለም ካልክ አሥሩንም ጨምር። እኔ የገቡትን ቆጥሬ ካርዱ ላይ ያንኑ ያህል ነጥብ አደርጋለሁ። ጋሽ ገነነ ሃያ ሰኞ መጥቷል፤ ሃያ መስመር ነጥብ አለው። የመጨረሻው አራት ነበር።

"አጥንቱ ከገጠመ ለምን ያመዋል?" አለች አርዶ።

"ሌባ የገባበት ቤት ውሻ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አላት ሐቢብ። "ሌባው ከሄደ በኋላም ድመት ባለፈች ቁጥር ይጮኻል። ጩኸቱ የውሸት አይደለም። ግን በዱላ ዝም አታሰኚውም፣ ቀስ በቀስ ታለማምጂዋለሽ። ለዚህ ነው ደህና በሆነበትም ባመመውም ቀን እኩል እርምጃ እንዲሄድ የማዘው። ክፉው ነገር በየሳምንቱ አንዱ እየመጣ 'እውነት ያምሃል? እስቲ አሳየን' ይለዋል። ቀኑን ሙሉ ለህመሙ ሲመሰክር የዋለ ሰው ማታ እንዴት አድርጎ ይተወው?"

አርዶ ጉልበቷን አሸች። ከዚያ ሳጥኑን ዘርግታ ካርዶቹን ቆጠረች። ስልሳ አንድ መሆን ነበረባቸው። ሃምሳ ዘጠኝ ናቸው።

"ሁለት ነው የጠፋው" አለች።

ሁለተኛው የኤዶ ሆዳን ሆነ። ኤዶ ማለት በነሱ አክስት ማለት ነው። ትከሻዋን የሚያማት ወተት ሻጭ አሮጊት ናት። ካሳ አትጠይቅ፣ ክስ የላት፣ ከማንም አትጣላ፤ ከኔ በስተቀር።

"ወተቷን የምትሸጠው የት ነው?"

"ጅግጅጋ ያር፣ ከሕንፃው ፊት ለፊት" አልኩ። እንዳልኩትም ልቤ ዘለለ። "ጋሽ ታጁ! የሕንፃው ፎርማን ነው። ጋሽ ገነነን መጀመሪያ አስመሳይ ያለው እሱ ነው። ሰኞ ከሰዓት እዚህ በር ላይ ሲንጎራደድ በዓይኔ አይቼዋለሁ!"

"መጀመሪያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መጀመሪያ እኔን ነበራ የምትጠረጥሪው!"

አርዶ የበሩን ቁልፍ ቀዳዳ በጣቷ ዳሰሰች፣ የመስኮቱን ብረት ነቀነቀች። ጭረት እንኳ የለም። ሐቢብ የታጠቡትን አንሶላዎች መደርደሪያው ላይ እያስተካከለ በዓይኑ ተከተላት።

"ካርዶቹን ስትፈልጊ በምን ትለዪያቸዋለሽ?" ብላ ድንገት ጠየቀችኝ።

"በስማቸው ነዋ" አልኩ ቶሎ ብዬ።

ዋሸሁ። አምስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ሐቢብ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ጽሑፉ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። እንዴት እንደምለያቸው የራሴ ዘዴ አለኝ። ግን ሐቢብ አጠገቤ ቆሟል። እንግሊዝኛውን ማንበብ እንደማልችል ካወቀ በማግስቱ አንባቢ ይቀጥራል።

*

ወደ ጅግጅጋ ያር በሚኒባስ ሄድን። ረዳቱ ከአርዶ ሒሳብ አልጠየቀም። ከኔ ጠየቀ።

ጋሽ ታጁ ኮንክሪት በሚቦካበት መሃል ምሰሶ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ወፍራም ድምፅ ያለው የወሎ ሰው ነው። ወንበር አቀረበና ራሱ ሳይቀመጥ ቀረ። የተቀባው የነብር ቅባት ከሲሚንቶው በላይ ይሸታል።

"ሰኞ ክሊኒክ ሄደህ ነበር?" አለችው አርዶ።

"እኔ? ወላሂ... እግሬም አልረገጠው።"

"ጋሽ ታጁ፣ ወላሂ ብለው አይዋሹ፣ ሐራም ነው!" አልኩት። "በር ላይ ቆመው አላየሁዎትም?"

"ይቺ ልጅ የማን ናት? አፏ ከቁመቷ ይረዝማል።" እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። አየው። ዝቅ ብሎ አላነሳውም፤ ሠራተኛ ጠርቶ አስነሳው። "ሰኞ እስኪመሽ ኮንክሪት ስናፈስ ነበር። ልጆቹን ጠይቂ።"

ልጆቹን ጠየቅን። ሲፈስ መሽቷል፤ እውነት ነው። ግን አንዱ ሲሚንቶ የለበሰ ልጅ፣ "ጋሼ ከሶላት በፊት ወጥቶ ከሶላት በኋላ ነው የተመለሰ" አለ።

"ያዝነው!" አልኩ ስንወጣ።

"ውሸቱን ነው የያዝነው" አለች አርዶ። "ሰውየው ለምን እንደዋሸ ገና አናውቅም። ሽንኩርት ስሸጥ የተማርኩት ነው። የሚዋሽሽ ሁሉ አይሰርቅሽም።"

*

ጋሽ ገነነ የሚኖርበት ሰፈር፣ አያሃ ስንደርስ ግቢው ሙሉ አንሶላ ተሰጥቷል። የጋሽ ገነነ ሚስት እትዬ ሀረገወይን የሰው ቤት ልብስ ታጥባለች፣ የክሊኒኩንም ጨምሮ። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ተቀበለችን። ጋሽ ገነነ አልጋ ላይ ነበር።

"ካርድህ ጠፍቷል" አለችው አርዶ ሳታንዛዛ።

ጋሽ ገነነ ጣራውን እያየ ሳቀ። ደስ የማይል ሳቅ።

"እንግዲህ ተኝቼ ሲያዩኝ አስመሳይ ነኝ፣ ተነስቼ ሲያዩኝ አስመሳይ ነኝ። ብሞትላቸው እንኳ 'ትንፋሹን ይዞ ነው' ይላሉ።"

"ሰኞ ከክሊኒክ በኋላ የት ነበርክ?"

"ሀጂ ዱዓሌ መኪና አግኝቶልኝ በቀጥታ ወደዚህ። ሾፌሩን ጠይቂው።"

"አንቺስ?"

"እኔማ አንሶላውን አስረክቤ በእግሬ መጣሁ" አለች እትዬ ሀረገወይን። "ሰኞ ሰኞ ነው የማስረክበው።"

አርዶ በሩ ጥግ የተደገፈውን ከዘራ አነሳች። እጀታው ላይ አቧራ ተኝቷል።

"ሐቢብ በየቀኑ እንድትሄድ አዞህ የለም?"

"እስከ ሱቁ ደርሼ እመለስ ነበር። ሁለት መቶ እርምጃ። አንድ ቀን ሳይነካኝ ተመለስኩ፣ ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።" ሚስቱን አያት። "ከሰሞኑ ተውኩት።"

"ሐሙስ ይለፍ ብዬው ነው" አለች እሷ ቶሎ ብላ። "መንገድ ላይ ሲሄድ ያየው ሰው ሄዶ ያወራል። ባለፈው ዓመት አንዱ እግሩን የተሰበረ ልጅ ሽማግሌዎቹ ፊት በእግሩ ሄዶ ገባ። 'ይኸው ድነሃል' ብለው ባዶ እጁን ሰደዱት ተብሏል።"

"ማን አለ?"

"ሰው ነዋ!"

በሚኒባስ ስንመለስ ሰኞ ያየሁት ትዝ አለኝ። ጋሽ ገነነ ጠጠሮቹን እፍኙ ውስጥ ይዞ ብዙ ቆየ። የሚስቱን ፊት አየ። ከዚያ ነው የጨመራቸው። ለአርዶ ነገርኳት። መስኮቱን እያየች፣ "እህ" አለች። ፖሊስ ሆና "እህ" ብቻ!

*

ረቡዕ ከሰዓት መሃል ገበያ ነበርን። አርዶ ፊቷ ጠቁሯል። ነገ ሐሙስ ነው፤ በእጃችን ያለው አንድ ውሸታም ፎርማንና አንድ አቧራ የጠጣ ከዘራ ብቻ ነው።

"እንደገና" አለችኝ። "ክሊኒኩ ሰው ሳይኖርበት በሩ ክፍት የሚሆነው መቼ ነው?"

"መቼም። ስንት ጊዜ ልንገርሽ?"

አዛን ተሰማ። የገንዘብ መንዛሪዎቹ እንደ ጡብ የደረደሩትን የብር ክምር መንገድ ዳር ላይ ትተው ተነሱ። አንዱ አሮጌ ሽርጥ ጣል አደረገበትና ሄደ። ያን ሁሉ ብር የሚጠብቀው ያ ሽርጥ ብቻ ነው። ማንም አይነካውም። በየቀኑ የማየው ነገር ስለሆነ አላየሁትም ብል ይቀላል።

አርዶ ግን ቆመች። ሽርጡን አየች፣ እኔን አየች።

"ሰኞ በሶላት ሰዓት በሩን ቆልፈሻል?"

"በሶላት ሰዓት? ጨርቁን ዘርግተን ሄድን እንጂ፤ ሁሌም እንደምናደርገው..."

"እኔም የዚህ ከተማ ልጅ ነኝ" አለች አርዶ በራሷ እየተናደደች። "ጨርቅ ለኛ ቁልፍ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የብረቱን ቁልፍ ስዳስስ ከረምኩ!"

ክሊኒኩ ልንደርስ ስንል ሐቢብን ከመስጊድ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘነውና ስለ ጋሽ ታጁ ጠየቅነው።

"ታጁ?" አለ። "ሰኞ ሶላት ላይ ከጎኔ ነበር እኮ። ከሱጁድ መነሳት አቅቶት ክንዴን ይዞ ነው የተነሳው። ምነው?"

ስለዚህ ጋሽ ታጁ ሌባ አይደለም። እንዴት እንደተናደድኩ! ክሊኒክ ሲጠራ መጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ደፋ።

"ወገቤን ነው" አለ። ወፍራሙ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። "ሁለት ዓመት ሆነኝ። ፎርማን ወገቡን ታመመ ከተባለ በማግስቱ ሌላ ፎርማን ነው። ሰኞ ለመታየት መጥቼ ገነነን ውስጥ አየሁት። ታስመስላለህ ያልኩት እኔ ነኝ። ምን ዓይን ኖሮኝ ከጎኑ ተራ እጠብቃለሁ?" ቀና አለና፣ "እንጨቱ መሰንጠቁን ከመውደቁ በፊት ነግሮኝ ነበር። ሐሙስ ሄጄ ይህን እናገራለሁ። የመጣው ይምጣ" አለ።

ጋሽ ታጁ ገና ከበሩ ሳይርቅ ኤዶ ሆዳን እየጮኸች ገባች። በሶማሊኛ ነው፤ አርዶም እኔም በደንብ ሰማናት።

"ጠፋ የምትሉት የኔን ነው? ማበጠሪያዬን? አንቺ ለፍላፊ፣ ማበጠሪያዬን ምን አደረግሽው?"

"የምን ማበጠሪያ?" አለች አርዶ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሐቢብ ያየኛል። አርዶ ታየኛለች። ጋሽ ገነነ ደግሞ አያሃ ተኝቶ ነገን ይጠብቃል። ከሥራዬና ከሱ ወገብ የቱ ይበልጣል?

"በስማቸው አይደለም የምለያቸው" አልኩ። "የሐቢብን እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም። ጥግ ላይ ስዕል እስልባቸዋለሁ። ኤዶ ሆዳን ፀጉሬን ማበጠር አቃተኝ ብላ ስለመጣች ማበጠሪያ ሳልኩላት።"

ሐቢብ አልተቆጣም። "ለዚህ ነው ለካ ከኔ ቀድመሽ የምታገኚያቸው" ብቻ አለ።

አርዶ ወረቀት ሰጠችኝ። "ሳዪው።"

ሳልኩት። ገልብጣ አየችው፣ አዙራ አየችው።

"መሰላል ነው።"

"ማበጠሪያ ነው! ጥርሶቹ አይታዩሽም?"

"የገነነስ ስዕል ምንድን ነው?"

"መሰላል" አልኩ። እንዳልኩትም ፀጉሬ ቆመ።

አርዶ ሁለት ጣቷን አነሳች። "ሌባው ማንበብ አይችልም። ታጁ ያነባል፣ ገነነ የሕንፃ ፕላን ያነባል፤ እነሱ ቢሆኑ አንድ ካርድ ብቻ ይወስዱ ነበር። ይሄኛው የገነነ ካርድ መሰላል እንዳለበት ያውቃል፣ ሁለት መሰላል ሲያገኝ ግራ ገባውና ሁለቱንም ወሰደ። ደግሞም በሶላት ሰዓት ጨርቁን ገልጦ ሲገባ ማንም አልገረመውም። ምክንያቱም ውስጥ ሥራ አለው።"

ሦስታችንም እኩል ወደ መደርደሪያው ዞርን። አንሶላዎቹ በነጭ በነጩ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል።

*

አያሃ ግቢው ውስጥ አርዶ የተገለበጠ የልብስ ሳፋ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ሀረገወይን ቆማ አንሶላ ታጥፋለች። እጥፋቱ አልስተካከል ብሏታል።

"ቢልቂስ፣ መሬቱ ላይ ሁለቱን ሳዪያቸው" አለች አርዶ።

በስንጥር ሳልኩ። መሰላል፣ ማበጠሪያ።

"እህቴ ሀረገወይን፣ የባልሽ የትኛው ነው?"

እትዬ ሀረገወይን አየቻቸው። አንሶላው ከእጇ ወደቀ። መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ፤ ለካስ እያለቀሰች ነው።

"ይቺ ልጅ ስዕል አትችልም" አለች። "ሁለቱንም የወሰድኩት ለዚህ ነው።"

ተሰድቤ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወዲያው ደግሞ ደስታዬ አሳፈረኝ።

"ለምን?" አለች አርዶ።

"ሰኞ አራት ጠጠር ብቻ ሲጨምር አየሁ። ሰባት ወር የጸለይኩት ለዚህ ነበር። ተመስገን ልል ስል ሐሙስ ትዝ አለኝ። አራት ነጥብ አይተው 'ድኗል፣ ይሂድ' ቢሉትስ? ፌሮ መሸከም እንደሁ ከእንግዲህ አይችልም። ድኖ ምን ሊበላ ነው? አንሶላውን አስገብቼ ስወጣ ሳጥኑ ክፍት ነበር። ላቃጥለው ብዬ ነበር። ክብሪቱን ጭሬ ነጥቦቹን ሳይ... ሃያ ሰኞ አብሬው የተቀመጥኩትን እንዴት ላቃጥል?"

ወደ ውስጥ ገብታ ከእመቤታችን ስዕል ኋላ ሁለቱን ካርዶች አወጣች። ጋሽ ገነነ በሩን ይዞ ቆሟል። ከዘራ አልያዘም።

"ሀረግ፣ እኔን አላመንሽኝም?"

"አንተንማ አምናለሁ። እነሱን ነው ያላመንኳቸው።"

"እንግዲያው የኔንም ስሚ።" ወደ አርዶ ዞረ። "ሰኞ የኔ ልክ ሦስት ነበር። ፊቷን አየሁትና አራተኛውን ጨመርኩ። እኔም ሰርቄያለሁ ማለት ነው፣ አንድ ጠጠር።"

አርዶ ረጅም ጊዜ ጉልበቷን አሸች።

"አንድ ጠጠር ስንት ዓመት እንደሚያሳስር የሕግ መጽሐፌ ላይ አላነበብኩም" አለች በመጨረሻ። "ካርዱ ግን በወጣበት እጅ ይመለሳል። ሀጂ ዱዓሌ ሱቁ ውስጥ ነው። ሳይመሽ እንሂድ።"

"ልጥራ መኪና?" አልኩ።

"በእግሬ" አለ ጋሽ ገነነ። "ሰው ካየኝ ይየኝ።"

*

ሀጂ ዱዓሌ በሂና የቀላ ጢም ያለው፣ ከሻይ ብርጭቆ የማይለይ ሽማግሌ ነው። እትዬ ሀረገወይን ካርዱን በሁለት እጇ ሰጠችውና ሁሉንም ነገረችው። እኔ አስተረጎምኩ። የጋሽ ገነነንም ጠጠር ጨምሬ። እውነቱን ለመናገር ጠጠሯን መዝለል አምሮኝ ነበር፤ አርዶ ግን ሁለቱንም ቋንቋ ትሰማለች።

ሀጂ ዱዓሌ ማንበብ አይችልም። ነጥቦቹን ግን በጥፍሩ እየተከተለ ቆጠረ። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ ዘጠኝ... ታች ወረደ። አንድ ቦታ ላይ ነጥቦቹ እንደገና በዝተዋል።

"እዚህ ምን ሆነ?"

"የኮንትራክተሩ ሰዎች እየመጡ 'እስቲ ተነስ፣ እስቲ ጎንበስ በል' ይሉት የጀመሩበት ሰሞን ነው" አልኩ።

እንደገና ወረደ። ሰባት፣ ስድስት፣ አምስት፣ አራት። ከዚያ ወደ መጀመሪያው መስመር ተመለሰ።

"ይሄ ከረመዳን በፊት ነው?"

"በፊት ነው።"

"ካሳ የሚባለውን ነገር ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ከረመዳን በኋላ። ይሄ ሰው ዘጠኝ ጠጠር ሲጨምር ግመል የሚባል ነገር በሕልሙም አልነበረም።" ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ሴትዮዋን በያት፤ ልትቀብረው የነበረው ምስክራችንን ነው። ሐሰተኛ ቢሆን ኖሮ ሃያውንም ሰኞ አሥር አሥር ይጨምር ነበር። ሲሻለው ተሻለኝ የሚል ሐሰተኛ በሰባ ዓመቴ አላየሁም።"

"አንዷስ ጠጠር?" አለ ጋሽ ገነነ።

ሀጂ ዱዓሌ ጢሙን ይዞ ሳቀ። "እሷን ነገ ራስህ ትናገራለህ። አንካሳ ግመል የሚሸጥ ሰው..." ብሎ አንድ ረጅም ተረት ጀመረ። በአማርኛ እንዴት እንደሚባል ስላላወቅሁ፣ "አይዞህ ይልሃል" ብዬ አሳጠርኩት። አርዶ በክርኗ ጎሸመችኝ።

*

ሐሙስ ሴት አይገባም ተብሎ ከግቢው አጥር ውጭ ተቀመጥን፤ እኔ፣ እትዬ ሀረገወይንና አርዶ። መጀመሪያ የጋሽ ታጁ ወፍራም ድምፅ ተሰማ። ብዙ ቆየ። ከዚያ የጋሽ ገነነ ቀጠለ። እትዬ ሀረገወይን የቀሚሷን ጫፍ እያጠፈች ትፈታለች፣ እያጠፈች ትፈታለች።

ሀጂ ዱዓሌ ወጣ።

"ጉዳቱ የተለካው በወደቀበት ቀን ነው" አለ። "ግመሎቹ በዚያ ቀን ልክ ተቆርጠዋል፣ በገንዘብ ይሰጣል። ሕክምናው እስኪያልቅ ኮንትራክተሩ ይከፍላል። ከዛሬ ወዲያ ቢድን ግን መዳኑ የራሱ ነው፤ ማንም ከሱ ላይ አይቀንስበትም።"

ስተረጉም ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

"እኔስ?" አለች እትዬ ሀረገወይን አርዶን።

"አንቺማ ተቀጥተሻል። የሆዳንን ካርድ ራስሽ ትመልሺላታለሽ። እሷ ከእስር ቤት ትብሳለች።"

*

ሰኞ ክሊኒኩ ሞልቶ ነበር። ሐቢብ ካርዶቹ ላይ በእንግሊዝኛው ሥር ስሙን በአማርኛ መጻፍ ጀምሯል። ስዕሎቹንም እንድተው አልነገረኝም። ጠዋት ጠዋት ግን የእንግሊዝኛ ፊደል ያስቆጥረኛል፤ ዲክቴሽን የሚባል መከራም አለ።

ጋሽ ታጁ አግዳሚው ላይ ከጋሽ ገነነ ጎን ተቀምጧል። ሥራውን አላጣም፤ ኮንትራክተሩ ገና እያኮረፈ ነው እንጂ። መጀመሪያ ሁለቱም ግድግዳ ግድግዳ ያያሉ። በኋላ ጋሽ ገነነ፣ "ስትቀመጥ ትራስ ከኋላ አድርግ እንጂ፣ ፎርማን ሆነህ ይሄን አታውቅም?" ሲለው ሰማሁ።

ማን ገባ? አርዶ። የደንብ ልብሷን አውልቃ፣ ጉልበቷን ይዛ።

"የቦምብ ፍንጣሪ ነው፣ ሲያረጅ የባሰበት" አለች። "በማንም ላይ ክስ የለኝም። ካርድ አውጪልኝ፣ መሰላል እንዳትስይብኝ ብቻ።"

ሽንኩርት ሳልኩላት። ብዙ አየችው።

"ይሄ ቦምቡ ነው?"

ካርዷን ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት።

የጋሽ ገነነ ተራ ደረሰ። ሐቢብ ቆርቆሮውንና አሥሩን ጠጠሮች ፊቱ አስቀመጠ። እትዬ ሀረገወይን አንሶላዋን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ እጠብቃለሁ። ጋሽ ገነነ ጠጠሮቹን እፍኙ ውስጥ አገላበጣቸው። ቀና ብሎ የሚስቱን ፊት ያያል ብዬ ጠበቅሁ።

ቀና አላለም። ቆርቆሮዋን ብቻ እያየ አንድ በአንድ ጨመረ።

"ስድስት" አለ። "ዓርብ እስከ ሱቁ ሁለቴ ደርሼ ተመለስኩ። በዝቶብኛል።"

"ነገ አንድ ጊዜ ብቻ" አለው ሐቢብ። "ግን ነገም ትሄዳለህ።"

"እሄዳለሁ።"

ከአራት ስድስት ይበልጣል፤ ይሄን ለማወቅ አምስተኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም። እትዬ ሀረገወይን ግን አንሶላውን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ "ተመስገን" አለች።

ከመሰላሉ ሥር ስድስት ነጥብ አደረግሁ።